ኮምፒውተሩስ አለ፤ አስጀማሪው የታለ?

በየዓመቱ ፍሬሽ ሊገባ ሲል ካምፓሶቻችን የሚያምርባቸው ነገር አለ። ሲኒየሮች አውቶቡስ ተራ ድረስ ወርደው አዲስ ገቢዎችን ይቀበላሉ፣ ሻንጣ ይሸከማሉ፣ ዶርም ያሳያሉ፣ ካፌው የት እንደሆነና ሰልፉ በስንት ሰዓት እንደሚረዝም ይነግራሉ። ማንም በመመሪያ ያላወጀው፣ ተማሪው ራሱ ከዓመት ዓመት ያወረሰው አቀባበል ነውና ልንኮራበት ይገባል።

ጥያቄያችን ከዚያ በኋላ ስለሚመጣው ነው። ሻንጣውን የሚሸከምለት አምስት ሰው ያገኘው ልጅ፣ በማግስቱ "ፖርታል ገብተህ ተመዝገብ" ሲባል አጠገቡ የሚቀመጥ አንድ ሰው አያገኝም። ሁሉም ሰው የሚያውቅ ይመስለዋል። ጠይቆ መሳቂያ ከመሆን ዝም ማለት ይሻለዋል። የሚብሰው ደግሞ አጠገቡ የቆመውም ልጅ እንደዚያው እያሰበ ዝም ማለቱ ነው።

የምንለው አጭር ነው። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ቴክኖሎጂውን ወደ ግቢ አስገብተዋል፤ ተማሪውን ግን ወደ ቴክኖሎጂው አላስገቡትም። መድኃኒቱም ሌላ መቶ ኮምፒውተር መግዛት ብቻ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከተማሪው አጠገብ የሚቀመጥ ሰው ነው።

ከመስኮቱ ወደ ስክሪኑ

ዱሮ ካምፓስ የገባ ሰው የሬጅስትራርን መስኮት ያስታውሳል። ሰልፉ ረጅም፣ ሠራተኛው ቁጡ፣ ቅጹ ብዙ ነበር። ቢሆንም ከመስኮቱ ማዶ ሰው ነበረ። ቅጹን አበላሽተህ ብትሰጠው ይቆጣሃል፤ ተቆጥቶም ቢሆን "እዚህ ጋ ጻፍ" ይልሃል። ዛሬ በብዙ ግቢዎች ምዝገባው በፖርታል፣ የዶርም ድልድሉ በቴሌግራም ቻናል፣ ሃንዳውቱ በፒዲኤፍ፣ ውጤቱ እንደገና በፖርታል ሆኗል። ፖርታል አይቆጣም። አያስተምርምም። በእንግሊዝኛ "የይለፍ ቃልህ ልክ አይደለም" ብሎ በቀይ ጽፎ ዝም ይላል።

ለውጡን አንቃወምም። በወረቀት ዘመን ውጤቱ የጠፋበትን፣ አንዲት ፊርማ ፍለጋ ሦስት ቀን የተንከራተተን ተማሪ እናውቃለን። ሥርዓቱ ሲዘምን ግን አንድ ነገር ተዘነጋ፤ መስኮቱ ተዘግቶ ስክሪኑ ሲከፈት፣ ስክሪኑን እንዴት እንደሚከፍቱ ማሳየት የማን ሥራ እንደሆነ አልተወሰነም። ሬጅስትራሩ የአይሲቲ ክፍል ሥራ ነው ይላል። አይሲቲው "የእኛ ሥራ ኔትወርክ ነው" ይላል። መምህሩ ይህን ሃይስኩል ተምረው መጥተዋል ብሎ ያምናል። ሃይስኩል ደግሞ የኮምፒውተርን ትምህርት በብዙ ቦታ በጥቁር ሰሌዳ ላይ አስተምሮ ልኳቸዋል። ኪቦርድ በጠመኔ ተስሎለት ያደገ ልጅ ኪቦርድ ምን እንደሆነ በፈተና ላይ ይመልሳል፤ ጣቱን ሲያሳርፍበት ግን የመጀመሪያው ቀን ነው።

ከግቢ በር ላይ ያለው መምህር

ዩኒቨርሲቲው ያልያዘውን ቦታ ሌላ ሰው ይይዘዋል። በየካምፓሱ በር ላይ የተደረደሩትን የፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቆች ተመልከቱ። ኢሜይል የሚያወጡት እነሱ፣ የሚመዘግቡት እነሱ፣ አሳይንመንት የሚጽፉትና የሚልኩት እነሱ ናቸው። ሱቆቹን አንወቅስም፤ እንጀራቸው ነው፣ ባይኖሩም ስንቱ ልጅ ሳይመዘገብ በቀረ ነበር።

ነገር ግን "አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት" የሚባለው እዚህ ላይ ይሠራል። ለአዲሱ ተማሪ የተከፈተው ኢሜይል የተመዘገበው በማን ስልክ ቁጥር ነው? የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ማን ነው? በሱቁ ኮምፒውተር ላይ የገባበት አካውንት ሲወጣ ተዘግቷል ወይ? ብዙ ግቢ ውስጥ የመጀመሪያው የይለፍ ቃል የመታወቂያ ቁጥር ወይም ሁሉም የሚያውቀው አንድ ዓይነት ቃል ነው። ያንን ያልቀየረ ተማሪ የጓዳውን ቁልፍ በሩ ላይ ሰክቶ ወጥቷል ማለት ነው። በእሱ ስም ገብቶ ውጤቱን የሚያይ፣ ኮርስ የሚሰርዝ ሰው ቢገኝ "እኔ አይደለሁም" ብሎ ለማስረዳት መከራውን ይበላል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ አበው፤ ምን መጠርጠር እንዳለበት ያልተነገረው ልጅ ግን እንዴት ብሎ ይጠርጥር?

"የዛሬ ልጅ ስልክ ላይ ነው የተወለደው"

ይህን ጉዳይ ባነሳን ቁጥር የሚመጣብን መልስ ይህ ነው። "ቲክቶክ ላይ የሚያድር ልጅ ኮምፒውተር ያቅተዋል?" ይሉናል።

አዎ፣ ያቅተዋል። ስልክ መነካካትና በኮምፒውተር መሥራት ሁለት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። ስልክ ፋይሉን የት እንዳስቀመጠው አይነግርህም፤ ፈልጎ ያመጣልሃል። ኮምፒውተር ላይ ግን ፎልደር ከፍተህ፣ ስም ሰጥተህ፣ የት እንዳስቀመጥክ አውቀህ ነው የምትሠራው። አምስት መቶ ፒዲኤፍ ቴሌግራሙ ውስጥ ያለው ልጅ፣ የፈተናው ዋዜማ ላይ "ምዕራፍ 3" የቱ እንደሆነ ሲፈልግ ሌሊቱ ይነጋበታል። ጽሑፍ ጽፎ አስቀምጦ፣ ከኢሜይል ጋር አያይዞ መላክ፣ ሠንጠረዥ መሥራት፣ በዐሥሩም ጣት ባይሆን በአራት ጣት ቶሎ ቶሎ መጻፍ፤ እነዚህ ከስልክ የሚወረሱ አይደሉም።

ስልክ ላይ ብቻ መንጠልጠል ሌላም አደጋ አለው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ ትምህርቱን በሙሉ ቴሌግራም ላይ ያስቀመጠ ተማሪ ምን ላይ እንደሚወድቅ መገመት አያቅትም። ከዚያ በፊትም በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ሲዘጋ፣ አብዛኛው የቅድመ ምረቃ ተማሪ ቤቱ ተቀምጦ ወራት ቆጥሯል። ማስታወሻውን በፍላሽ ወይም በሚሞሪ ካርድ መያዝ የሚያውቅና የማያውቅ የሚለዩት እንዲህ ባለው ቀን ነው።

ፕላዝማ ያስተማረን

መሣሪያውን ተክሎ ሰውን መርሳት ለእኛ አገር አዲስ አይደለም። በ1990ዎቹ መጨረሻ በሃይስኩሎቻችን ግድግዳ ላይ ፕላዝማ የተሰቀለበትን ጊዜ የዚያ ዘመን ተማሪዎች ያስታውሳሉ። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል፤ የፕላዝማው መምህር በፈጣን እንግሊዝኛ ይናገራል፤ ጥያቄ ይጠይቅና ሳይመለስለት ያልፋል። ክፍል ውስጥ ያለው መምህር እንደ ተማሪው አንጋጦ ያያል። ቴሌቪዥኑ ጥፋት የለበትም። ያጣነው "እዚህ ጋ አልገባኝም" ሲባል የሚያቆም ሰው ነበር።

ያ ትምህርት ዛሬም የሚያስፈልገን ይመስለናል። በ2012 ዓ.ም. የፍሬሽማን ፕሮግራም ሲመለስ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ከተሰጡት የጋራ ኮርሶች አንዱ "የአዳዲስ ቴክኖሎጂዎች መግቢያ" ነው። ሞጁሉ ስለ ዳታ ሳይንስ፣ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ስለ ነገሮች ኢንተርኔት ያወራል። ኮርሱ መኖሩ መልካም ነው። ግን ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ተርጉሞ ኤ ያመጣ ልጅ፣ የዚያኑ ኮርስ አሳይንመንት ለመላክ ሱቅ ከሄደ አንድ ነገር ተዛብቷል። ጣሪያውን እየሠራን ነው፤ መሠረቱ ግን አልተቆፈረም።

ዕዳው የሚከፈለው በአራተኛው ዓመት ነው

"ቀስ በቀስ ይለምዱታል" የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ብዙው ይለምዳል። ሒሳቡን ግን እንየው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንኛውም የቅድመ ምረቃ ተማሪ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት፤ ፈተናውም የሚሰጠው በኮምፒውተር ነው። በዚያው ዓመት በመጀመሪያው ዙር ከተፈተኑት ያለፉት 40 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። የወደቁት ሁሉ ኮምፒውተር ስላላወቁ ነው አንልም፤ ምክንያቱ ብዙ ነው። ሆኖም የአራት ዓመት ልፋት በአንድ ስክሪን ፊት በሚወሰንበት አገር፣ ማውዙን ይዞ እጁ የሚንቀጠቀጥ አንድም ተፈታኝ መኖር አልነበረበትም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም ቢሆን ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። መንገዱ ወዴት እንደሚሄድ ግልጽ ነው።

ዕዳው እኩል አይከፋፈልም። ቤቱ ላፕቶፕ ያለው የከተማ ልጅ ፖርታሉን በአምስት ደቂቃ ጨርሶ ላውንጅ ይገባል። ከገጠር የመጣው ልጅ የመጀመሪያውን ሳምንት ሱቅ በር ላይ ይሰለፋል፤ የኪስ ገንዘቡንም እዚያው ይጨርሳል። ሴት ተማሪዎች ሌላ ተጨማሪ ዕዳ አለባቸው። የክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ስልክ ቁጥሯ ለሁሉም የሚታይባት ልጅ፣ ከማታውቀው ሰው የሚመጣው መልእክት ከመጀመሪያው ሳምንት ይጀምራታል። ይህንን የሚዘጋው ማስተካከያ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ የነገራት ሰው ስለሌለ ግን ቁጥሯን እስከመቀየር ትደርሳለች። ማየት የተሳነው ተማሪም አለ። ኤንቪዲኤ የተባለው ስክሪን አንባቢ በነጻ የሚገኝ ነው። ላቡ ውስጥ ካሉት ኮምፒውተሮች በሁለቱ ላይ እንኳ ካልተጫነ ግን ነጻነቱ ምን ይጠቅመዋል?

በአራት ሰዓት የሚያልቅ ሥራ

ቅሬታ ብቻ እንዳይሆንብን፣ ለአንድ ፍሬሽ ምን ምን ቢታየው ይበቃል ብለን ቁጭ ብለን ዘረዘርን። የአራት ሰዓት ሥራ ነው።

አንደኛ፣ የይለፍ ቃል። ፖርታሉ ላይ የተሰጠውን በራሱ እጅ ይቀይር። ኢሜይሉን በራሱ ስልክ ቁጥር ያውጣ፤ ሲም ሲቀይር ቁጥሩን እዚያም መቀየር እንዳለበት ይወቅ። የጋራ ኮምፒውተር ላይ ከተጠቀመ ወጥቶ መዝጋትን ይልመድ።

ሁለተኛ፣ ፋይል። ለእያንዳንዱ ኮርስ አንድ ፎልደር፣ ለእያንዳንዱ ፋይል የሚገባ ስም። ዎርድና ፒዲኤፍ በምን እንደሚለያዩ፣ እንዴት ከአንዱ ወደ ሌላው እንደሚቀየር። ፍላሽ ሲሰካ ቫይረስ መፈተሽ፤ የግቢ ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ስለሚዞር አንዱ ሲያስነጥስ ሁሉም ይታመማል። ሥራን ሁለት ቦታ ማስቀመጥ።

ሦስተኛ፣ ቴሌግራም። ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ስልክ ቁጥርን ከማያውቁት ሰው መደበቅ፣ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ማብራት፣ በየትኞቹ መሣሪያዎች ላይ እንደተከፈተ አይቶ የማያውቁትን ማስወጣት።

አራተኛ፣ በአማርኛ መጻፍ። ሱቅ ያስጻፈው ጽሑፍ ዶርም ሲደርስ ለምን የእንግሊዝኛ ፊደል ዝብርቅርቅ እንደሚሆን ማንም አይነግረውም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የቆዩት የአማርኛ ሶፍትዌሮች የላቲንን ፊደል ቦታ ወስደው የእኛን ፊደል ሥዕል የሚያስቀምጡ ነበሩ፤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሥዕሉ ይጠፋል። ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የራሱ ቦታ አለው። "በዩኒኮድ ጻፍልኝ፣ በኒያላ ወይም በአቢሲኒካ" ማለትን ያወቀ ተማሪ ከብዙ ብስጭት ይድናል።

አምስተኛ፣ ላይብረሪ ከግድግዳው ውጭ። ሪሰርች ፎር ላይፍ የተባለው ፕሮግራም ለኢትዮጵያ ተቋማት ውድ የሆኑ የምርምር መጽሔቶችን በነጻ ይከፍታል። ጎግል ስኮላርም ለማንም ክፍት ነው። የተቋሙን መግቢያ ከላይብረሪ ሠራተኛው መጠየቅ የማያውቅ ተማሪ፣ ሃያ ዓመት የሆነውን ሃንዳውት ኮፒ ሲያስደርግ ይኖራል። እግረ መንገድ ቻትጂፒቲም ይነሣ። ያልገባንን ሐሳብ ለማብራራት ይጠቅማል፤ የሌለ መጽሐፍ ጠቅሶ ሊያሳፍረን እንደሚችልም በግልጽ ይነገር። ልጁ ይህን ከመምህሩ ቁጣ ሳይሆን ከመጀመሪያው ሳምንት ይስማ።

ይህ ሁሉ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ግማሹ ይሠራል። መጻፍ፣ ማስቀመጥ፣ ስም መስጠት፣ ፍላሽ መፈተሽ ዋይፋይ አይፈልጉም። ስለዚህ "ኔትወርክ የለም" የሚለውን ምክንያት ከወዲሁ ብንተወው ጥሩ ነው።

ማን ይሥራው?

ዩኒቨርሲቲዎች የሚያዘጋጁትን ኦረንቴሽን እናውቀዋለን። ትልቅ አዳራሽ፣ ረጅም ንግግር፣ የማይሰማ ማይክ። ስለ ፖርታሉ ሁለት ደቂቃ ይነገራል፤ በዚያች ሁለት ደቂቃም ማይኩ ይጮኻል። የሰው እጅ ኪቦርድ ላይ ያላረፈበት ኦረንቴሽን ስለ ዋና በጥቁር ሰሌዳ እንደማስተማር ነው።

በምሳሌ እናስላው። ሦስት ሺህ ፍሬሽ የሚቀበል ግቢ ባለ 50 ወንበር ሦስት ላቦች ቢኖሩት፣ ጠዋትና ከሰዓት በአራት አራት ሰዓት ፈረቃ በቀን 300 ተማሪ ያስተናግዳል። ዐሥር ቀን ይበቃዋል። ለአምስት ተማሪ አንድ ሲኒየር ቢመደብ፣ እያንዳንዱ ሲኒየር በቀን አንድ ፈረቃ ብቻ ቢሠራ፣ የሚያስፈልጉት 60 ሲኒየሮች ናቸው። ስድሳ ልጅ! አውቶቡስ ተራ ወርዶ ሻንጣ የሚሸከመው ከዚህ ይበልጣል። ለእነዚህ ልጆች የምስክር ወረቀትና ትንሽ የኪስ ገንዘብ መስጠት ከአንድ ኮምፒውተር ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም። ከሴት ሲኒየሮች ይበዙ፤ ልጅቷ ስልኳን ለማንም አሳልፋ እንድትሰጥ አትገደድ። መመሪያው በአንድ ገጽ ወረቀት፣ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ ይጻፍ። እንግሊዝኛውን ቀስ ብሎ ይደርስበታል፤ መጀመሪያ ግን ይመዝገብ።

አስተባባሪዎቹ አንድ ሕግ ቢያወጡ ደግሞ ሥራው ይሳካል፤ "ማውዙን ከእጁ አትቀበሉት"። የሚያውቅ ሰው ትዕግሥት የለውም። "አምጣው እኔ ልሥራልህ" ይላል፣ በሰላሳ ሰከንድ ይጨርሳል፣ ልጁም እንደማያውቅ ይቀራል። ሱቁም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። አስጀማሪ ማለት እጁን ኪሱ ከትቶ በአፉ ብቻ የሚያሳይ ሰው ነው።

ለእናንተ ደግሞ

ይህን የምታነቡት አብዛኞቻችሁ ከተሜ ናችሁ። ኮምፒውተር እንዴት እንደጀመራችሁ አስታውሱ። የሰፈር ኢንተርኔት ቤት ባለቤት፣ የአክስት ልጅ፣ ሳትጠግቡ የሚያስነሣችሁ ታላቅ ወንድም፤ አንድ ሰው ነበር። ማንም ብቻውን አልጀመረም። ብቻውን እንደጀመረ የሚያወራው ያስጀመረውን ስለረሳ ነው።

ዩኒቨርሲቲው ይህንን እስኪያደራጅ መጠበቅ የለብንም። በዚህ ዓመት ካምፓስ የሚገባ የወንድም ልጅ፣ የቤት ሠራተኛችሁ እህት፣ ከአገር ቤት እናንተ ጋ አርፎ የሚያልፍ ዘመድ አይጠፋም። ሦስት ምሽት ስጡት። ላፕቶፑን ከፍታችሁ ወደ እሱ ግፉት፣ እጃችሁን ኪሳችሁ ክተቱ፣ ሲሳሳት አትሳቁ። ግቢ ያላችሁት ደግሞ የዶርማችሁን ፍሬሽ ያዙ። "ታውቃለህ አይደል?" ብላችሁ ግን አትጠይቁት፤ "አውቃለሁ" ነው የሚላችሁ። "ና እስቲ አብረን እንየው" በሉት።

በበኩላችን ከላይ የዘረዘርናትን የአራት ሰዓት ሥራ በአንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጅተን ለምናውቃቸው ፍሬሾች ሁሉ ልንሰጥ ተስማምተናል። ያልገባችሁን ወይም የረሳነውን ጻፉልን፤ ወረቀቷን እናስተካክላለን።

ቸር ይግጠመን።